ሐዘንን በስሙ አትጥሪው

ልጄ፣ «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ሲባል እየሰማሽ አድገሻል። ግጥም መጻፍ ከጀመርሽ ወዲህ የምትጠይቂኝ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ተረት ላይ ያርፋል፤ ምኑን ልናገር፣ ምኑን ልተወው ነው ጥያቄሽ። መልሱን ከራሴ ጓዳ ብቻ አላወጣልሽም። ከሺህ ዓመት በፊት በህንድ፣ ይልቁንም በሰሜን ባለው ተራራማ አገር በካሽሚር፣ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ከትውልድ ትውልድ የተከራከሩ መምህራን ነበሩ። የጻፉት በሳንስክሪት ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያፍታታል፣ ሌላው ይንደዋል፣ ሦስተኛው መጥቶ በተናደው ላይ ይገነባል። ስለ ግጥም ይህን ያህል በጥልቀት ያሰቡ ሕዝቦች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። እኔ በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቤያቸው ወድጃቸዋለሁ፤ አንቺም እንድታውቂያቸው እሻለሁ።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ትይኝ ይሆናል። ህንድ ግን ለመጻሕፍታችን ጭራሽ ባዳ አይደለችም። በ16ኛው መቶ ዘመን እጨጌ ዕንባቆም ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት መጽሐፈ ባራላም ወይዋስፍ ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። ታሪኩ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር በመንገድ ክርስትና ተነሥቶ እኛ ዘንድ ደረሰ። ስለዚህ ከእነዚያ ሰዎች ብንማር አዲስ በር አንከፍትም።

የትምህርታቸው መነሻ ቴአትር ነው። ናትያሻስትራ የሚባል ትልቅ መጽሐፍ አለ፤ ባራታ የተባለ ጠቢብ ጻፈው ይባላል። ሊቃውንት የሚያስቀምጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 እና ከልደት በኋላ በ200 መካከል ነው። የመድረኩን ስፋት፣ የተዋናዩን የዐይን አጣጣል፣ የእጁን እንቅስቃሴ፣ የዜማውን ዓይነት ሳይቀር ይዘረዝራል። ስለ ቴአትር አመጣጥ የሚተርከው ደግሞ ደስ ይላል። አማልክት ወደ ፈጣሪያቸው ወደ ብራህማ ሄደው፣ ቅዱሳት መጻሕፍቱን ቬዳዎችን መስማት የተከለከሉት ዝቅተኛ መደብ የተባሉ ሰዎች ጭምር የሚያዩትና የሚሰሙት ነገር እንዲሰጣቸው ለመኑት። እርሱም ከአራቱ ቬዳዎች ንባቡን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው፣ ትወናውን ከሦስተኛው፣ ጣዕሙን ከአራተኛው ወስዶ አምስተኛ ቬዳ ሠራ። ያ አምስተኛው ቬዳ ቴአትር ነው። ጥበብ ገና ሲወለድ በሩ ለተዘጋበት ሰው የተሰጠ መሆኑን ልብ በይልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዚያ መጽሐፍ ስድስተኛ ምዕራፍ ሁሉን ነገር ያዘ። ባራታ እንዲህ ያስተምራል፦ በሰው ሁሉ ውስጥ ስምንት ስሜቶች ነዋሪ ናቸው፤ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ወኔ፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና መደነቅ። እነዚህ ጥሬ ስሜቶች ናቸው። መድረክ ላይ ወይም ግጥም ውስጥ ሲበስሉ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ፤ ያን የበሰለውን ነገር ራሳ ይለዋል፣ እኛ ጣዕም እንበለው። ምሳሌውን የወሰደው ከማዕድ ቤት ነው። ብዙ ዓይነት ቅመምና ቅጠል በአንድነት ሲሠራ ከእያንዳንዱ ለየት ያለ ጣዕም ይወጣል፤ ጥሩ ተመጋቢም ያን ጣዕም እያጣጣመ ይደሰታል ይላል። በርበሬው ብቻውን ወጥ አይባልም፣ ቅቤውም ብቻውን አይባልም።

እንግዲህ ስሜት ወደ ጣዕም የሚለወጠው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው ስሜቱን የሚቀሰቅሰው ሰውና ሁኔታ ነው። ሁለተኛው በሰውነት ላይ የሚታየው ምልክት ነው፤ እንባው፣ የእጅ መንቀጥቀጡ፣ የድምፅ መሻከሩ። ሦስተኛው በዋናው ስሜት ላይ ብቅ እያሉ የሚጠፉት አላፊ ስሜቶች ናቸው፤ ባራታ 33 ቆጥሯል፤ ጥርጣሬ፣ ኀፍረት፣ ድካም፣ ትዝታ፣ ቅናትና የመሳሰሉት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ አንዱ ብቻውን ምንም አይዝም፤ ሲያብሩ ግን አንባቢውን ጠፍረው ያስቀሩታል።

በምሳሌ ላሳይሽ። ልጇ ባሕር ተሻግሮ ድምፁ የጠፋባት አንዲት እናት አለች እንበል። ማታ ቡና ስታፈላ ሲኒ ትደረድራለች፤ አንድ ሲኒ ይተርፋል። ጎረቤቷ «ይሄን ላንሳው?» ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ እናቲቱ ከልክ ያለፈ ቁጣ ትቆጣታለች፤ ወዲያው ታፍርና ለጎረቤቷ አንድ ሲኒ ጨምራ ትቀዳላታለች። አየሽ፣ የተረፈው ሲኒ ሁኔታው ነው። የምትቀዳው እጅ ምልክቱ ነው። ቁጣውና ኀፍረቱ አላፊዎቹ ናቸው። «ሐዘን» የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። ሰሚው ግን ሌላ ምንም ሊሰማው አይችልም። ካመጣሽልኝ ግጥሞች መካከል በአንዱ ውስጥ ግን «ሐዘን»፣ «ሐዘኔ»፣ «ሐዘንተኛ» እየተፈራረቁ ነበር፤ ሲኒ ግን አልነበረም።

ይህን ነገር ሕግ አድርጎ የጻፈው አናንዳቫርዳና ነው። በካሽሚር ንጉሥ በአቫንቲቫርማን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ855 እስከ 883 ባለው ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ ነበር። መጽሐፉ ድቫንያሎካ ይባላል። ከእርሱ በፊት የነበሩት እንደ ባማሃና ዳንዲን ያሉት መምህራን ግጥምን የሚመዝኑት በጌጡ ነበር፤ በንጽጽሩ፣ በዘይቤው፣ በድምፅ ጨዋታው። ከካሽሚሮቹ አንዱ ቫማና ደግሞ የግጥም ነፍሱ የአገባብ ስልቱ ነው አለ። አናንዳቫርዳና ተነሥቶ የግጥም ነፍስ ያልተባለው ግን የተሰማው ነገር ነው አለ። ያን ነገር ድቫኒ ብሎ ጠራው።

ቃል ሦስት ጉልበት አለው ይላሉ እነዚህ ሰዎች። የመጀመሪያው ቀጥተኛ ፍቺው ነው። ሁለተኛው ቀጥተኛው ፍቺ አላስኬድ ሲል የሚተካው ነው። የተለመደው ምሳሌያቸው «መንደሩ ጋንጋ ላይ ነው» የሚለው አነጋገር ነው፤ መንደር ወንዝ ላይ ሊቆም አይችልም፣ ስለዚህ «ወንዙ ዳር ነው» ማለት መሆኑን እንረዳለን። ታዲያ ተናጋሪው ለምን ከመጀመሪያው «ዳር» አላለም? ጋንጋ የተቀደሰ ወንዝ ነው፤ ቅዝቃዜውና ንጽሕናው ወደ መንደሩ እንዲሻገር ስለፈለገ ነው። ያ ቅዝቃዜና ያ ንጽሕና በቃሉ ውስጥ የለም፣ በምትኩም ፍቺ ውስጥ የለም፤ ግን ደርሶሻል። ሦስተኛው ጉልበት እርሱ ነው።

አናንዳቫርዳና የሚያነሣው ሌላ ምሳሌ ከሳንስክሪት ሳይሆን ሕዝቡ ከሚናገረው ከፕራክሪት ግጥም የተወሰደ ነው። አንዲት ሴት ከወዳጇ ጋር በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ባለ ጥሻ ውስጥ በምስጢር ትገናኛለች። አንድ መንፈሳዊ ሰው ደግሞ አበባ ለመልቀም እዚያው እየመጣ አስቸገራት። ስለዚህ በጨዋ አነጋገር ታረጋጋዋለች፦ ያ ይተናኮልህ የነበረው ውሻ ሞቷል፣ አሁን በነፃነት ተዘዋወር፤ በጥሻው ውስጥ የሚኖረው አንበሳ ገደለው ትለዋለች። ቃሉ «ሂድ» ነው የሚለው። መልእክቱ «ድርሽ እንዳትል» ነው። ውሻ የሚፈራ ሰው አንበሳ ወዳለበት እንደማይሄድ ታውቃለች። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን የኛን ሰው አስታውሺና ይህችን ሴት ፍረጂያት።

አሁን በደንብ አድምጪኝ፤ ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ ስላለን ይህ ትምህርት በቤታችን ያደገ ይመስለናል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን አናንዳቫርዳና ድቫኒን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። አንዳንዴ ከቃሉ ጀርባ የምናገኘው አንድ ነገር ነው፤ እንደዚያች ሴት «አትምጣ»። አንዳንዴ የምናገኘው ያልተነገረ ንጽጽር ወይም ሌላ ጌጥ ነው። አንዳንዴ ግን የምናገኘው ጣዕም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተፈልጎ ቢሆን በግልጽ ሊነገሩ ይችሉ ነበር። ሴትዮዋ «አትምጣብን» ማለት ትችል ነበር። ሦስተኛው ግን በምንም ዓይነት ቃል በቀጥታ ሊነገር አይችልም። «ሐዘን» ብለሽ መቶ ጊዜ ብትጽፊ አንድ ሰው አያዝንም፤ «ፍቅር» የሚለው ቃል በበዛበት ግጥም ውስጥ ፍቅር የለም። ስለዚህ ከሦስቱ ትልቁ እርሱ ነው።

ወጣቶቻችን ወርቁን ደብቆ ማስቀመጥን ጥልቀት አድርገው ሲይዙት አያለሁ። ቃሉን ሰብረው፣ አላልተውና አጥብቀው ሁለተኛ ፍቺ ያወጡለታል፤ ሰሚው ከፈታው በኋላ ግን የሚያገኘው አንድ ወሬ ወይም አንድ ስድብ ነው። ከተፈታ አለቀ። ሁለቱም ፍቺዎች በቃሉ ውስጥ እኩል የተቀመጡበትን አነጋገር ካሽሚሮቹ ድቫኒ አይሉትም፣ ከጌጥ ይመድቡታል። የእኛ ታላላቅ የቅኔ መምህራንም ወርቁ ከተገኘ በኋላ ቅኔው ሰሚውን በአድናቆት ወይም በእንባ ይዞ ካላቆየው አይረኩም፤ ልዩነቱን ያውቁታል። አንቺም እንድታውቂው ነው የምለምንሽ። ድብቅ መሆን ብቻውን ዋጋ የለውም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባል የለ!

ከአናንዳቫርዳና ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ማማታ የተባለ ካሽሚሪ የግጥም ጥፋቶችን ሲዘረዝር፣ ጣዕሙን በገዛ ስሙ መጥራትን ከጥፋቶቹ ውስጥ አስገብቶታል። ካቭያፕራካሻ የተባለው ይህ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን በህንድ ትምህርት ቤቶች የግጥም መማሪያ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው አስተያየት ሆኖ አልቀረም፤ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ሕግ ሆነ።

ጌጥን በተመለከተ አጭር ልሁን። ባራታ የቆጠራቸው የንግግር ጌጦች አራት ብቻ ነበሩ፤ በኋለኞቹ መጻሕፍት ከመቶ አልፈዋል። ትምህርቱ እንዲህ ሲያብጥ ብዙ ገጣሚ ጌጡን እንጂ አካሉን ረሳ። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚባለው ደረሰባቸው። በፊት ለፊትም በኋላም ሲነበብ የሚሄድ ስንኝ፣ በአንድ ፊደል ብቻ የተሠራ ስንኝ፣ በሰይፍ ወይም በአበባ ቅርጽ የሚደረደር ስንኝ ጻፉ። አናንዳቫርዳና እንዲህ ያለውን በመጨረሻው ረድፍ አስቀመጠው። ጌጥ የሚፈቀደው ገጣሚው በጣዕሙ ተይዞ ሳለ ያለ ሌላ ድካም ራሱ ሲመጣ ነው አለ፤ በተለይ የተነጣጠሉ ፍቅረኞችን ናፍቆት በሚናገር ግጥም ውስጥ ቃል እየደጋገሙ በድምፅ መጫወትን ከለከለ። ለምን? የተጨነቀች ሴት በቃል አትጫወትምና። በ11ኛው መቶ ዘመን ክሼሜንድራ ይህን አስፍቶ፣ ለቦታው፣ ለሰውየው፣ ለጊዜው የሚገባውን መምረጥ የግጥም ሕይወት ነው ብሎ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። ቤት መምታት ስለቻልሽ ብቻ ቤት አትምቺ።

አሁን ወደ ትልቁ ሰው እንሂድ። አቢናቫጉፕታ ይባላል፤ በ1000 እ.ኤ.አ. አካባቢ በካሽሚር የኖረ የሺቫ ሃይማኖት መምህርና ፈላስፋ ነው። በድቫንያሎካም በናትያሻስትራም ላይ ማብራሪያ ጽፏል። በናትያሻስትራ ላይ የጻፈው ለረጅም ዘመን ከሊቃውንት ዐይን ርቆ ኖሮ የእጅ ጽሑፎቹ በደቡብ ህንድ በኬራላ ተገኙ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በባሮዳ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በሰሜን ጫፍ የተጻፈ መጽሐፍ በደቡብ ጫፍ መትረፉ ይገርመኛል። ኬራላ ደግሞ የሳንስክሪት ቴአትር እስከ ዛሬ በሕይወት የሚገኝባት አገር ናት፤ ኩቲያታም ይሉታል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች መካከል አድርጎ አውጆታል። አንዱ ገቢር ብዙ ሌሊት ሊፈጅ ይችላል፤ ተዋናዩ በአንድ ስንኝ ላይ ሰዓታት ቆሞ በዐይኑና በእጁ ያብራራዋል።

አቢናቫጉፕታ የተጨነቀበት ጥያቄ ይህ ነው፦ በመድረክ ላይ የምናየው ሐዘን የማን ነው? ከእርሱ በፊት ሎላታ የተባለው ስሜቱ የባለታሪኩ ነው፣ ተዋናዩም ያን ያንጸባርቃል አለ። ሻንኩካ ተመልካቹ ከተዋናዩ ሁኔታ ተነሥቶ ስሜቱን በግምት ይደርስበታል አለ። ባታ ናያካ ደግሞ የግጥም ቋንቋ ነገሩን ከግለሰብ አውጥቶ የሁሉም ያደርገዋል አለ። የሦስቱም መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ ሐሳባቸውን የምናውቀው አቢናቫጉፕታ ሊከራከራቸው ሲል ስለጻፈልን ነው። ተቃዋሚውን በሐቀኝነት መዝግቦ ማቆየት ትልቅነት ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ አከብረዋለሁ።

የእርሱ መልስ ከባታ ናያካ ይጀምራል። ከካሊዳሳ ተውኔት ከሻኩንታላ አንድ ቦታ ይጠቅሳል። ንጉሥ ዱሽያንታ በሠረገላ ሆኖ አጋዘን ያሳድዳል፤ አጋዘኑ ዞሮ ዞሮ እያየ ይሮጣል። ተመልካቹ ፍርሃትን ያያል። ግን «እኔ ፈራሁ» አይልም፤ እንዲያ ቢል ተነሥቶ ይሸሽ ነበር። «ወዳጄ ፈራ» አይልም፤ እንዲያ ቢል ሊረዳው ይሮጥ ነበር። «ጠላቴ ፈራ» አይልም፤ ደስ ይለው ነበር። አጋዘኑ የዚያ ዘመን፣ የዚያ ጫካ አጋዘን መሆኑም ይረሳል። ባለቤት፣ ቦታና ጊዜ የሌለው ፍርሃት ብቻ ልቡን ሞልቶ ይቆማል። ስለዚህ ነው በኑሮ የምንሸሸውን ሐዘን በቴአትር ገንዘብ ከፍለን የምናየው። የራስን ቁስል ሳይነኩ የሰውን ልጅ ቁስል መንካት ማለት ነው።

ከዚህ ለገጣሚ የሚወጣ ምክር አለ። ግጥምሽ የአንቺ የግል ቅሬታ ሆኖ ከቀረ አንባቢው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ያልፋል። የጎረቤትሽ ክስ ሆኖ ከቀረም ወገን ይይዛል። አቢናቫጉፕታ ጣዕምን የሚከለክሉ ሰባት እንቅፋቶች ሲዘረዝር፣ አንዱ ሰው በገዛ ደስታውና ጭንቀቱ መጠመዱ ነው፤ ሌላው ነገሩ የማይታመን መሆኑ ነው፤ ሌላው ደግሞ በግጥሙ ውስጥ ዋና የሆነ ነገር መጥፋቱ ነው። ይህ የመጨረሻው ለአንቺ ነው። አናንዳቫርዳና ስለ ሁለቱ ታላላቅ የህንድ ታሪኮች የሰጠውን ፍርድ ተመልከቺ፤ ሁለቱም ጦርነት የሞላባቸው ናቸው፣ እርሱ ግን የራማያና ዋና ጣዕም ሐዘን ነው፣ የማሃባራታ ደግሞ ከዓለም መላቀቅና ሰላም ነው አለ። ይህ ዘጠነኛው ጣዕም ነው፤ በባራታ ስምንት ላይ በኋላ የተጨመረ። ያ ሁሉ ጦር፣ ያ ሁሉ ወኔ፣ ያ ሁሉ ቁጣ አንድ ጌታ ያገለግላል። በአንድ ገጽ ላይ ወኔውንም ሳቁንም ሐዘኑንም እኩል ካነገሥሽ፣ አንዱም አይነግሥም።

ግጥም በሁለት ሰው ይሠራል ይላሉ እነዚህ መምህራን፤ በገጣሚውና ልቡ ከገጣሚው ልብ ጋር በሚመሳሰል አንባቢ። አቢናቫጉፕታ ያን አንባቢ ሲገልጽ፣ ግጥም ደጋግሞ በማንበብ የልቡ መስታወት የጠራለት ሰው ነው ይላል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያልነው እኛም አይደለን! እውነትነቱን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን እጨምርበታለሁ። ይህ ሐሳብ ለእብሪተኛ ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ግጥሙ የከሸፈበት ሁሉ «አንባቢዬ ልብ የለውም» ይላል። እነዚያ መምህራንም ልብ ያለው ሰው ሲሉ በአብዛኛው የእነርሱን ዓይነት የተማረ ሰው ማለታቸው ነበር። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩሽ ይህ ነው፦ ቴአትር የተፈጠረው ከቅዱሱ መጽሐፍ ለተከለከለው ጭምር ከሆነ፣ ልብን የማጥራት ዕድል ለሁሉም ነው። አንባቢሽን አትናቂው፤ የሚያጠራበትን ግጥም ስጪው።

ስለ ትጋት ደግሞ ልንገርሽ። ማማታ ለግጥም ሦስት ነገር በአንድነት ያስፈልጋል ይላል፤ የተፈጥሮ ስጦታ፣ ዓለምንና መጻሕፍትን በማየት የሚገኝ እውቀት፣ ግጥም በሚያውቅ ሰው ሥር የሚደረግ ልምምድ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ሳይሆኑ አንድ ምክንያት ናቸው ብሎ ያጠብቀዋል። ስጦታ አለኝ ብላ የምትዘናጋ ልጅ ሁለቱ እጅ ይጎድልባታል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶች።

እ.ኤ.አ. በ900 አካባቢ የነበረው ራጃሼካራ የገጣሚን የቀን ውሎ ሳይቀር ይደለድላል። ከጸሎት በኋላ ጠዋት ጥናት፣ ቀጥሎ ድርሰት፣ ከቀትር በኋላ ከገጣሚዎች ጋር ጨዋታ፣ ወደ ማታ ደግሞ ብቻውን ወይም ከጥቂት ወዳጆች ጋር ሆኖ ጠዋት የጻፈውን መመርመር። ምክንያቱን ሲሰጥ፣ ሰው በጣዕሙ ተይዞ ሲጽፍ ነገር የሚለይ ዐይን አይኖረውም ይላል። ስለዚህ ማታ የተረፈውን ይቆርጣል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ቦታውን የሳተውን ያዛውራል፣ የረሳውን ያስታውሳል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነውና ጠዋት የጻፍሽውን ቀትር ላይ በስልክሽ አትልቀቂው።

ይኸው ራጃሼካራ ሴቶችም እንደ ወንዶች ገጣሚ ይሆናሉ ብሎ በግልጽ ጽፏል፤ ችሎታው የሚያድረው በነፍስ ነው፣ ነፍስ ደግሞ ሴት ወንድ ብላ አትከፋፈልም ባይ ነው። የሚስቱን የአቫንቲሱንዳሪን ሐሳብም ከሌሎቹ ሊቃውንት እኩል በስሟ ይጠቅሳል። ይህን የምነግርሽ «ሴት ልጅ ምን ግጥም አላት» ያለሽ ሰው መኖሩን ስለማውቅ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት መልስ ተሰጥቶታል።

ሐያሲንም በአራት መድቦታል። ምንም የማይጥመው አለ። የቀረበለትን ሁሉ ከነሳሩ የሚበላ አለ። በቅናት የሚያነብ አለ። እውነተኛውን ነገር የሚፈልግ ደግሞ አለ፤ እርሱ ከሺህ አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ ግጥምሽ የሚሉትን ስሚና እለፊ፤ አራተኛውን ካገኘሽ ግን ከበሩ አትጥፊ።

አንድ የቀረኝ አለ። ማማታ ምክር በሦስት ድምፅ ይመጣል ይላል። ቅዱስ መጽሐፍ እንደ ጌታ ያዛል። ታሪክ እንደ ወዳጅ ይመክራል። ግጥም ግን እንደምትወደድ ሴት ልብን በጣዕም ለስላሳ አድርጎ ያግባባል። እኔ አሁን ለአንቺ የተናገርኩት በሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ሽማግሌ ነኝና ይፈቀድልኛል። አንቺ ግን ግጥም ስትጽፊ ይህን ድምፅ አትዋሺ። ስለ አገር፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ስደት የምትጽፊያቸው ግጥሞች መጨረሻ ላይ «ስለዚህ እንንቃ» እያልሽ የምትጨምሪያቸውን ስንኞች አውጪያቸው። ከላይ ያለው ሠርቶ ከሆነ አያስፈልጉም፤ ካልሠራም አያድኑትም።

እነዚህን ሰዎች ለማንበብ ስትነሺ በትምህርቱ አትጀምሪ፤ ከሥራው ጀምሪ። ሻኩንታላን አንብቢ፤ ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1789 ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው ወዲህ ብዙ የተሻሉ ትርጉሞች ወጥተዋል። በተለይ አራተኛው ገቢር ላይ ቆዪ፤ ያሳደጋት ባሕታዊ ካንቫ ልጁን ወደ ባሏ ቤት ሲሸኝ ካሊዳሳ ምኑን እንዳልተናገረ በእርሳስ አስምሪበት። ከዚያ በኋላ ኢንጋልስ፣ ማሶንና ፓትዋርድሃን ድቫንያሎካን ከአቢናቫጉፕታ ማብራሪያ ጋር ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1990 በሃርቫርድ ያሳተሙትን ፈልጊ። ወፍራም ነው፣ አትፍሪው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስትጨርሺ የራስሽን አንድ ግጥም ይዘሽ ነይ፤ አብረን እንመረምረዋለን።